ቀለበትና ዘለበት

የአሮጌ መኪና ትርኢት መግቢያ ላይ የሚቆመው ሰውዬ ትኬት ከማየቱ በፊት የሚያየው ሆድ ነው። የቀበቶህ ዘለበት ከፊት ከሆነ «አዙር» ይልሃል፤ አንተም እንደ ታዛዥ ተማሪ ዘለበቱን ወደ ጎንህ ታዞረዋለህ። ሰው የመኪናውን ውስጥ ለማየት ጠጋ ሲል ሆዱ በሩን ይነካል፣ ዘለበቱም ቀለሙን ይጭረዋል። ሰዓትና አምባር፣ ቀለበትም እንዲሁ ጠላት ናቸው። ከዚያ በር ወዲያ ሐኪሙም ነጋዴውም ጡረተኛውም ዘለበቱን ዳሌው ላይ ለጥፎ ይንጎራደዳል። ለማያውቅ ሰው ሁሉም በጨለማ ለብሶ የወጣ ይመስለዋል።

እኔም አዞርኩ። ይህን የምናገረው እንድመሰገን አይደለም። ጥፋቴ የጀመረው ከዚያው ከጥንቃቄዬ ስለሆነ ነው።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። በአዘቦት ቀን ከባለቤቴ ጋር በከፈትናት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ለመታወቂያ ከሚነሱ ሰዎች ጋር «አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀጥ» እያልኩ ስጨቃጨቅ እውላለሁ። በዓመት አንድ እሁድ ግን የአሮጌ መኪና ማኅበሩ ለቀን መቁጠሪያው የሚሆን ፎቶ እንዳነሳለት ይጠራኛል። ያቺን እሁድ እወዳታለሁ። መኪና «ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ድገመኝ» አይልም። ማኅበርተኞቹ «ብልጭታ» ይሉኛል፤ በመጀመሪያው ዓመት በጠራራ ፀሐይ ብልጭታ አብርቼ ስዞር ስላዩኝ ነው። ስም አንዴ ከወጣ አይመለስም።

የዚያን እሁድ ጠዋት ስልሳ የሚሆኑ መኪናዎች በረድፍ ቆመዋል፤ ሣሩ ገና እርጥብ ነበር። አንድ ጡረተኛ መምህር የመኪናውን ቸርኬ በጥርስ ብሩሽ ይፍቃል። ከጎኑ ቤተሰብ ሙሉ ጭና የመጣች ነጭ ቮልስ፣ ቀጥሎ አልጋው ያልወጣለት አሮጌ አምቡላንስ፣ አልጋው ላይ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ተጋድሞ ጋዜጣ ያነባል። ባለ መኪኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለ ልጆቻቸው ብትጠይቃቸው «ደህና ናቸው» ብለው ያልፉሃል፤ ስለ ካርቡሬተሩ ከጠየቅክ ግን ምሳህ ያልፍሃል። እኔ እየሰማሁ እንደማልሰማ፣ እያጎነበስኩ ክብ ክብ መብራቶችን፣ የተሰነጠቀ የመሪ ቆዳን፣ ከሰላሳ ዓመት በፊት የቆመ የዳሽቦርድ ሰዓትን አነሳለሁ።

የጋሽ ድርብ መኪና በሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ነበረች።

ጋሽ ድርብ ቀለም ቀቢ ነው። «አንድ እጅ ቀለም ለአጥር ነው፣ መኪና ድርብ ይፈልጋል» ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት። አርባ ዓመት ለቀለም መርጫው አየር ከሚሰጠው መጭመቂያ ሞተር አጠገብ ቆሞ ሲረጭ ስለኖረ ጆሮው ደክሟል። ዓይኑም እንደ ድሮው አይደለም፤ ቀለምን የሚያነበው በእጁ ጀርባ ነው። ያቺን መኪና ያገኛት ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሠራት። ስቱኮ ለጠፈ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣ ቀባ፣ አልወደደውም፣ ገፈፈ፣ እንደገና ቀባ። በመጨረሻ ጥቁር እየመሰለ የሚያሳስት ሰማያዊ ሆና ወጣች። ፊትህን ብታስጠጋ ያልተላጨኸውን ጢምህን ታሳይሃለች።

የዚያን ቀን ከእሱ ጋር ልጁ ነበረች። አንድ ሴት ልጅ ብቻ ነው ያለችው፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ከስድስት ዓመት በፊት የአውቶቡስ ሾፌር ስታገባ ጋሽ ድርብ ሠርጓ ላይ አልተገኘም። መኪና እያመለከ ሾፌር የሚጠላ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ሠርጉን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የቤተሰብ ፎቶ ላይ ስንደርስ ልጅቷ ከጎኗ የአንድ ሰው ቦታ አስተወችን። በኋላ ባለቤቴ «ከፈለግሽ የአባትሽን ምስል በኮምፒውተር እናስገባልሻለን» ብትላት «አይ፣ ራሱ ይምጣበት» አለች። ክፍተቱ እንዳለ ታተመ።

ከሁለት ወር በፊት ጋሽ ድርብ ጉልበቱን ታሞ ሲተኛ ሳትጠራ መጣችና አስታመመችው። እሱም ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ግን ያቺን እሁድ ለማንም ሰጥቶ የማያውቀውን የመወልወያ ጨርቅ ሰጣት። ጋሽ ድርብን ለሚያውቅ ሰው ይኼ በሽማግሌ ፊት ከመታረቅ ይበልጣል።

«ጋሽ ብልጭታ፣ እኔንም እንደሷ አብለጭልጨህ አንሳኝ እንጂ» አለችኝ ጨርቁን እያሳየችኝ።

«አንቺ ድርብ አልተቀባሽም» አልኳት። ሳቀች። አባቷ አልሰማም፤ ግን ስትስቅ ስላየ እሱም ሳቀ። ያንን ሳቅ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

ፊት ለፊት ቆሞ ማንሳት ለማንም አያቅትም። እኔ የፈለግሁት ከፊት ጎማው በላይ ካለው ፓራፋንጎ ተነስቶ የኮፈኑን ጠርዝ ተከትሎ እስከ መስታወቱ የሚሄደውን መስመር ነበር። ለዚያ ከመኪናው ጎን ቆሞ በወገብ ጠምዘዝ ብሎ ካሜራውን ወደ ቀለሙ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ሆዴን ተጠንቅቄ ወደ ውስጥ ሳብኩ። ዳሌዬን አላሰብኩትም። ዘለበቴ የት እንደነበረ ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

ዚፕ ሲዘጋ የምትሰማዋን የመሰለች ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ስደነግጥ ጣቴ ካሜራውን ተጫነው። ቀና ስል ፓራፋንጎው ላይ አንድ ስንዝር የምትሆን ነጭ መስመር ተጋድማለች። አውራ ጣቴን በምራቅ አርሼ አሸኋት። ምራቅ ቀለም ቢሆን ጋሽ ድርብ ዘጠኝ ዓመት ምን አለፋው።

ዞር ብዬ አየሁ። ጋሽ ድርብ ከአምቡላንሱ ባለቤት ጋር ይከራከራል፤ ልጅቷ ባልዲ ይዛ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች። ያየኝ ሰው የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነበር። ሄጄ «ጋሼ፣ ጫርኩብዎ» ማለት፣ ስድቤን መጠጣት፣ አለቀ። እኔ ግን ቀበቶዬን ከሱሪዬ መዘዝኩ፣ ጠቅልዬ የካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በወዲያኛው ረድፍ ወደ ቆመው የእሳት አደጋ መኪና አመራሁ። አልሸሹም ዞር አሉ። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ የእሳት አደጋ መኪናውን ደወል አሥራ አራት ጊዜ አነሳሁት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋሽ ድርብ በእጁ ጀርባ አገኛት። ዳኞቹ ከመምጣታቸው በፊት መኪናዋን አንድ ዙር ሲዳስሳት እጁ ፓራፋንጎው ላይ ቆመ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ማን ነካት?» አለ።

«ማንም አልነካትም» አለች ልጁ። «እኔ ብቻ ነኝ የወለወልኳት።»

«ቀለበትሽን አውልቂ አላልኩሽም?»

«ድንጋዩን ወደ ውስጥ አዙሬዋለሁ እኮ አባዬ። ደግሞ የጋብቻ ቀለበቴ ግራዬ ላይ ነው፤ በዚህ በኩል በቀኝ እጄ ነው የሠራሁት።»

ጋሽ ድርብ በዓይኑ ሲፈልግ አገኘኝ። በእጁ ጠራኝ። ሄድኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ። «ጠዋት ስንገባ አንስተሃት የለ? እስቲ አሳየኝ» አለኝ።

አሳየሁት። የጠዋቷ ፎቶ ላይ ፓራፋንጎው እንከን የለውም። ቀጥሎ ያለውን ለማየት እጁን ሲልክ ጣቴ ቀደመውና ካሜራውን አጠፋሁት። «ከዚህ ወዲህ እሷን አላነሳሁም» አልኩ። የመጀመሪያው ውሸቴ ይኼ ነው።

«ስለዚህ እዚሁ ነው የተጫረችው» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስመሯን እያየ፣ «አንተ ብዙ መኪና አይተሃል። ይኼ የምን ጭረት ነው?»

እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር። ቃሉን ከጉሮሮዬ አንስቼው ነበር። ጉልበቱ ግን መንገድ ላይ አለቀብኝና ከከንፈሬ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ዘለበት ነው» አልኩ።

ጋሽ ድርብ ራሱን ነቀነቀና ወደ ልጁ ዞረ። «ይኸው። ቀለበት ነው አለ። እሱም ቀለበት ነው አለ።»

አንዲት ፊደል ናት። «በዘ ነው ያልኩት» ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አልፈጀኝም፣ ምክንያቱም አላልኩም። ይልቅ ውስጤ ያለው ጠበቃ ወዲያው ቀና ብሎ «አንተ ተናግረሃል፣ ያልሰማው እሱ ነው» አለኝ። ሰው ለራሱ ጥብቅና ሲቆም እንዴት ያለ አንደበት እንዳለው ያን ጊዜ አወቅሁ። ልጅቷ አየችኝ። ረዘም አድርጋ ነው ያየችኝ። «መሰከርክብኝ አይደል?» የምትል መስሎኝ ዓይኔን ካሜራዬ ላይ ተከልኩ።

«ያ ቀለበት ከመጣ ወዲህ አንድ ነገር ደህና ውሎልኝ አያውቅም» አለ ጋሽ ድርብ።

እሷ ቀለበቱን ማውለቅ ጀመረች። አንጓዋ ላይ እምቢ አላት፤ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ጠመዘዘችው። ከዚያ የመወልወያውን ጨርቅ ኮፈኑ ላይ አነጠፈች፣ ቀለሙ እንዳይጫር በጥንቃቄ፣ ቀለበቱን እላዩ ላይ አስቀመጠች። «አወለቅኩት» አለች። ቦርሳዋን አንስታ በሁለቱ ረድፎች መሃል ሄደች። ባልዲው ውሃ እንደሞላ እዚያው ቀረ።

ዳኞቹ ሲመጡ ጋሽ ድርብ መኪናዋን በአንሶላ ሸፍኗታል። «ዛሬ አትወዳደርም» አላቸው። ታጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጨርቁን ከነቀለበቱ ጭኑ ላይ ይዟል። ሁለት ጊዜ ልነግረው ሄድኩ። መጀመሪያ ሰዎች ከበውት አገኘሁና ተመለስኩ። ሁለተኛው ላይ ብቻውን ነበር፤ «ጋሽ ድርብ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ጀመርኩ። «ሂድ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» አለኝ። «አንተ ምን አጠፋህ?»

ሄድኩ። በሕይወቴ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ የከፋው ይኼ ነው።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ፎቶዎቹን ማጽዳት ጀመረች። ብጉር የምታጠፋ፣ ራሰ በራ የምታለብስ፣ የተዛመመ ከረባት የምታቃና እሷ ናት። እኔ መጋረጃ የማስተካክል መስዬ ከኋላዋ እንጎራደዳለሁ። ያችን ፎቶ መሰረዝ ነበረብኝ። እሁድ ከሰዓትም፣ ማታም፣ ጠዋትም ጣቴን መሰረዣው ላይ አድርጌ አልሰረዝኳትም። ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አላውቅም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

ስደነግጥ የተነሳችው ፎቶ ናት። ግማሿ ተንቀጥቅጣለች። ሰማያዊው ቀለም ውስጥ ግን፣ ጋሽ ድርብ ዘጠኝ ዓመት መስታወት ባደረገው ፓራፋንጎ ላይ፣ የአንድ ሰው ዳሌ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዳሌው ጋር አራት ማዕዘን ዘለበት። ከዘለበቱ ጫፍ ነጭ መስመር።

«መስመሯን ማጥፋት ይቻላል?» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ወገቤ ወረደ። ሱሪዬን በሲባጎ ነበር ያሰርኩት። «ይኼን ቀበቶ የገዛሁልህ እኔ ነኝ» አለች። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጠበቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ በቀ እና በዘ መሃል ያደረግሁትንም ጭምር። ስጨርስ ፎቶዋን አትማ ሰጠችኝ። ትልቅ አድርጋ ነው ያተመቻት።

የጋሽ ድርብ ጋራዥ ውስጥ መጭመቂያው ሞተር እየጮኸ ነበር። ሁለት ሠራተኞች የአንድ ሚኒባስ በር ያሻሉ። «ጋሽ ድርብ፣ ያ ጭረት ዘለበት ነው» አልኩ።

«አዎ፣ ቀለበት ነው» አለኝ። «ነግረኸኛል እኮ።»

«ዘለበት።»

«አዎ አዎ። ቀለበት።»

እሁድ በትንፋሽ ያልኳትን ቃል ሰኞ በጩኸት አስከፈለኝ። «ዘ ነው የምልዎ ጋሼ፣ ዘለበት፣ የኔ የቀበቶ ዘለበት» ብዬ ሳንባዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። ሠራተኞቹ ማሸታቸውን አቆሙ። ጋሽ ድርብ ሄዶ ሞተሩን አጠፋው። ፎቶዋን ሰጠሁት። ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ፣ አርቆ አቅርቦ፣ ብዙ ቆይቶ አያት።

«ይኼ ያንተ ዳሌ ነው?»

«የኔ ነው።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ፎቶዋን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ጥግ ላይ ወደቆመችው መኪና ወሰደኝ። አንሶላውን ገለጠው። መስመሯ የለችም። «ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀችብኝ» አለ። «በፖሊሽ ነው የሄደችው። ስቱኮ እንኳ አልፈለገችም።» እጁን ኪሱ ሰዶ የተቋጠረውን ጨርቅ አወጣ። ቀለበቱን መዳፉ ላይ አድርጎ አየው። «ይኼንስ በምን ልመልሰው?»



«ቤቷን አላውቀውም» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ስድስት ዓመት ሙሉ፣ የልጄን ቤት አላውቀውም።»

እኔ አውቀዋለሁ። የሠርጉን አልበም ያደረስኩት እኔ ነኝ። ማምሻውን፣ ከሥራ በምትመለስበት ሰዓት፣ በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ እኔ ቀድሜ እንድናገር ተስማማን፤ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ። ጉልበቱ ስለሚያመው ሦስተኛ ፎቅ እስክንደርስ በየደረጃው መታጠፊያ ቆምን። በቆምን ቁጥር የምናገረውን ለራሴ እደግማለሁ። አሳምሬ አዘጋጅቼው ነበር፤ ቀልድ ሁሉ ነበረበት።

ራሷ ከፈተች። የሥራ ጋውኗን አላወለቀችም። የቀለበቷ ጣት ላይ ነጣ ያለ ክብ አለ።

«እኔ ነኝ የጫርኳት» አልኩ። «በዘለበቴ ነው። ያን ቀን ልናገር ፈልጌ አባትሽ—»

«ሰምቼሃለሁ» አለች።

«እ?»

«ያን ቀን ሰምቼሃለሁ። ዘለበት ነው ያልከው። የኔ ጆሮ ደህና ነው።» አልተቆጣችም፤ ለታካሚ እንደምታስረዳ ነበር የምትናገረው። «እኔ ብናገር ለቀለበቷ ስትል ነው ይለኛል። ስለዚህ ይደግመዋል ብዬ ጠበቅኩህ። እያየሁህ ጠበቅኩ።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ውስጤ ያለው ጠበቃም መዝገቡን ዘጋ። ለጭረቱ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት፤ ጭረቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ የለም። እሷ፣ እኔ አንዲት ፊደል እስካቃና ድረስ፣ ቆማ ስትጠብቀኝ እኔ ካሜራዬን ነበር የማየው። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ጋሽ ድርብ የተባባልነውን ሁሉ ሰምቶ እንደሆነ እንጃ። ቀለበቱን የያዘበትን መዳፉን ዘረጋ። «ጆሮዬ ነው ልጄ» አለ። «ጆሮዬ ነው ያጠፋው።»

«ጆሮህ አይደለም አባዬ» አለች።

ቀለበቱን አየና «አይደለም» አለ። «ቀለበት እንዲሆን ፈልጌ ነው።»

ከውስጥ የወንድ ድምፅ «ማን ነው?» ሲል ተሰማ። ሾፌሩ ነው። እሷ ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ቀለበቱን ከአባቷ መዳፍ አንስታ ጣቷ ላይ አጠለቀችው፤ ሲገባ አላስቸገራትም። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ወደ ጎን ቆመች።

በራፍ ላይ ሁለት ሰው ሲቆም የሚባለው «ግቡ» ነው። ከማንም ቤት የምንሰማው ይኼንኑ ስለሆነ እግሬን አንስቼ ነበር።

«ግባ» አለች።

ጋሽ ድርብ ጫማውን ጠረገና ገባ። እኔ ያነሳሁትን እግር መለስኩ።